ሰሞኑ እስኪያልፍ

ለአንድ ሌሊት ማደሪያ ዋጋ ማውጣት ምን ያስቸግራል የምትሉ ካላችሁ፣ ጽጌሬዳን አታውቋትም ማለት ነው። ጽጌሬዳ አሰላ ውስጥ፣ ሟች ባሏ በተወላት ግቢ፣ እንግዳ እያሳደረች የምትኖር ሴት ናት። ከጓሮ ሁለት ክፍሎች አሏት። ሰው ሲበዛባት የራሷንም መኝታ ቤት ታከራይና እሷ ሳሎን ፍራሽ አንጥፋ ትተኛለች። ከአዲስ አበባና ከአዳማ ለበዓል ወደ ትውልድ ቦታው የሚመጣው፣ ጭላሎ ተራራን ልውጣ የሚለው፣ ለሠርግ የተጠራው፣ ልጅ ሊያስመርቅ የመጣው ሁሉ በሯን ያንኳኳል። ቤቷ ንጹሕ ነው፤ በዚህ እንኳ የሚያማት የለም።

በሰኔ መጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግታ የሰሞን ዋጋ ልታወጣ ተቀመጠች። ጎረቤቷ ጋሽ ሀሰኖ ዝናቡን ሊያሳልፉ ገብተው ፊት ለፊቷ ተቀምጠዋል። ጋሽ ሀሰኖ እህል ነጋዴ ናቸው፣ የሰፈሩ እድር ሰብሳቢም ናቸው። ዋጋ ተጠርቶ ሳይከራከሩ ከሚያልፉ ጾማቸውን ቢውሉ ይመርጣሉ።

"ገና ሰሞን ነው፤ ፋሲካም ሰሞን ነው" አለች ጽጌሬዳ እየጻፈች። "ኢድስ? የሚመጣው ኢድ መቼ ነው የሚውለው ጋሽ ሀሰኖ?"

"ጨረቃ ሳትታይ እንዴት ብዬ ልንገርሽ?"

"እና ለጨረቃ ዋጋ ላውጣላት?"

"አውጪላት! መጥታ ካደረች ታስከፍያታለሽ።"

ተሳሳቁ። ሳቁ ግን ሥራውን አላቀለለውም። የሠርግ ወር አለ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ኮንፈረንስ አለ፣ ምርቃት አለ፣ መስቀል አለ። ወረቀቱን መልሳ ብታየው ዓመቱ በሙሉ ሰሞን ሆኖ ቁጭ አለ። ስታሰላ ስትሰርዝ፣ ስትሰርዝ ስታሰላ፣ የቱ ተራ ቀን የቱ በዓል እንደሆነ ጠፋባት። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጣ አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ለሆነችው ለልጇ ለኤልዳና ደወለች።

"እማዬ፣ በጣም ቀላል ነው እኮ" አለች ኤልዳና። "ሰሞን ሲሆን ዋጋው እጥፍ። ክፍል የሚይዝ ሰው ግማሹን ቀብድ ይልካል። በቀጠሮው ቀን እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ካልመጣና ካልደወለ ክፍሉ ለሌላ ይሰጣል። ዘመድ ደግሞ በነጻ የሚያድረው ሰሞን ካልሆነ ነው። በቃ!"

ጽጌሬዳ እጥፍ የሚለውን ጻፈች። ዘመድ የሚለውንማ ከልጇ አፍ ነጥቃ ነው የጻፈችው፤ ባለፈው ገና የባሏ የአክስት ልጆች ስድስት ቀን ሙሉ ሁለት ክፍል ይዘውባት፣ ከፋይ እንግዳ ከበር ስትመልስ ነው የከረመችው። ቀብድ የሚለው ላይ ስትደርስ ግን እስክሪብቶዋ ቆመ።

"ቀብድ አምጣ ማለትማ አላመንኩህም ማለት ነው ኤልዱ። የሰውን ፊት እንዴት አየዋለሁ? እስከ ስድስት ሰዓት ብሎ ነገርስ! መንገድ ላይ መኪና ይበላሽበታል ሰው። ያሳፍራል፤ እኔ አላደርገውም።"

"እማዬ፣ ሌላውን ይዘሽ እሱን ከተውሽው እኮ ደንቡ..."

"ያሳፍራል አልኩሽ!"

ጋሽ ሀሰኖ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ቀስ ብለው አነበቡት። "'በሰሞን ዘመድ አይስተናገድም።' ይቺን ባትጽፊያት ጥሩ ነበር" አሉ።

"ለምን? የሚያከስረኝ ዘመድ አይደል?"

"ዘመድ ሁሉ አንድ ነው እንዴ? ሊዝናና የሚመጣ አለ፣ ቸግሮት የሚመጣ አለ። ይሄ ወረቀትሽ ሁለቱን አይለይም።"

"ልለይ ካልኩማ ማንን እምቢ ልል ነው? ሁሉም ቸግሮኝ ነው ይላል። ደንብ ደንብ ነው ጋሽ ሀሰኖ።"

"ኤጋ እንግዲህ፣ ቤቱ ያንቺ ነው" ብለው ዝናቡ ሳያባራ ወጡ።

አደራ፣ ጽጌሬዳን ክፉ ሴት ናት ብላችሁ እንዳትፈርዱባት። ክፉ አይደለችም። ለፍታ አዳሪ ናት፣ የሚረዳት ባል የላትም፣ ዘመድ ሲመጣባት ገበያዋ እንደሚዘጋም በዓይኗ አይታለች። ስሕተቷ ሌላ ነው። ከማታውቀው ሰው ቀብድ መጠየቅ አሳፈራት፤ ዘመድን በወረቀት መከልከል ግን አላሳፈራትም። እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ስንቶቻችን ነን ለባዳ ተሽቆጥቁጠን፣ ለገዛ ሰዋችን የምንከብድ?

ሐምሌ በገባ በሦስተኛው ቀን ከጢቾ ስልክ ተደወለ። የደወለው እዚያ የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ ከበበው ነው። እናትና አባታቸው ሲሞቱ ጽጌሬዳ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ያሳደጋት፣ ያስተማራት፣ የዳራት እሱ ነው። እነዚያ የጓሮ ክፍሎች ሲሠሩ እንኳ ባሕር ዛፉን ከገዛ ማሳው ቆርጦ፣ መኪና ተከራይቶ አምጥቶ፣ አራግፎ፣ ምሳ ሳይበላ የተመለሰ ሰው ነው።

"ጽጌ፣ ደኅና ነሽ?" አለ። ትንፋሽ ስለሚያጥረው ንግግሩ እየተቆራረጠ ነው።

"ደኅና ነኝ ጋሼ። ልብህ እንዴት ሆነልህ?"

"ያው ነው። የአሰላው ሐኪም በዚህ ሳምንት ተመለስ ብሎኝ ነበር። ምርመራው አራት አምስት ቀን ይፈጃል አለ። ከጢቾ እየተመላለስኩ አልችለውም፤ መንገዱ ያንገላታኛል። አንድ አልጋ ካለሽ ብዬ ነው።"

ጽጌሬዳ ቀኑን ቆጠረች። ቅዳሜ የአንድ የግል ኮሌጅ ምርቃት ነው። ሦስቱም ክፍሎች ከዓርብ እስከ እሑድ በእጥፍ ዋጋ ተይዘዋል። ተይዘዋል ማለት እንግዲህ፣ ሦስት የማታውቃቸው ሰዎች በስልክ "ያዢልን" ብለዋታል፣ እሷም "እሺ፣ ችግር የለም" ብላለች ማለት ነው። ሳሎን ላስተኛው ይሆን ብላ አሰበች። ወዲያው ደግሞ፣ እንግዶቹ ሲገቡ ሲወጡ የሚያቃስት ሽማግሌ ሲያዩ ምን ይሉኛል ብላ አሰበች። ደንቡም በሩ ላይ ተለጥፏል።

"ጋሼ፣ ምርቃት ነው እኮ። ሰው ሞልቶብኛል። ሰሞኑ ይለፍና ናልኝ፤ እኔው ራሴ ነኝ የማስታምምህ።"

"እሺ። መቼ ነው የሚያልፈው?"

"እሑድ ያልቃል። ሰኞ ና።"

"ምን ችግር አለ፤ ሰኞ ነው። አንቺ ብቻ እንዳትቸገሪ" አለና ስልኩን ዘጋ።

ጽጌሬዳም ሥራ ነበረባት፤ አንሶላ አጠበች፣ ወለል ወለወለች፣ እሱንም ረሳችው።

ረቡዕ ዕለት ገበያ ስትሄድ የሰፈሩ ባጃጅ ሾፌር አንድ ወሬ ነገራት፤ ኮሌጁ ምርቃቱን በአንድ ሳምንት ገፍቶታል። ጽጌሬዳ መጀመሪያ ቀልድ መሰላት። ከቤቷ ደርሳ ክፍል ለያዙት ሰዎች ደወለች። አንደኛው ስልኩን አያነሣም። ሁለተኛዋ "የት ነበር የያዝነው? እኛ እኮ ሦስት ቦታ ነው የያዝነው፤ የትኛው እንደሚሻል እናያለን" አለቻት። ሦስተኛው ደግሞ "እኔ እንጃ፣ ምናልባት ዓርብ እንመጣ ይሆናል፣ ካልሆነም ለሚቀጥለው ዓርብ ይዘሽ ቆይን" አላት።

"እና ትመጣላችሁ ወይስ አትመጡም?"

"ያው እንግዲህ እናያለን" አለ ሰውየው።

ዓርብ መጣ። ማንም አልመጣም። ጽጌሬዳ ከመንገዱ መኪና በሰማች ቁጥር እየወጣች በሩን ከፈተች። ስድስት ሰዓት አለፈ፤ ስምንት ሰዓት አለፈ። እናንተዬ፣ ያቺ የጠላቻት የስድስት ሰዓት ደንብ ብትኖር ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ካልመጣችሁ ክፍሉ ሄዷል ብላ፣ ጢቾ ደውላ፣ ወንድሟን ቅዳሜ ጠዋት በራሷ አልጋ ላይ ባስተኛችው ነበር። አሁን ግን ክፍሉ የማን እንደሆነ እሷም አታውቅም። የተያዘም አይደለም፣ ባዶም አይደለም።

ቅዳሜ ስልኩን አንሥታ የከበበውን ቁጥር ፈለገች። ጣቷ ቁጥሩ ላይ እያለ ልቧ ለሁለት ተከፈለ። "ብጠራውና ማታ ቢመጡስ? የታመመ ሰው ተነሥ ይባላል? ባልጠራውስ? ክፍሉ ባዶ ነው። ግን ባዶ መሆኑን በምን አውቃለሁ? አንመጣም አላሉ።" እንዲህ ስታወጣ ስታወርድ መብራት ጠፋ፤ ስልኩን አስቀምጣ ሻማ ፍለጋ ሄደች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሌላ ሐሳብ መጣላት። ሰውየው ለሚቀጥለው ዓርብ ያዢልን ብሏል። ምርቃቱ ተገፋ ማለት ሰሞኑም ተገፋ ማለት ነው። ጋሼ ነገ ከመጣ አምስት ቀን ሊቆይ ነው፤ አምስት ቀን ማለት ዓርብን አልፎ ነው።

ደወለች።

"ጋሼ፣ ምርቃቱ ወደዚህ ሳምንት ዞረ። ሌላ ሰኞ ብታደርገው ምን ይመስልሃል?"

ከበበው ትንፋሹ እየተቆራረጠ ጠየቃት። "ሰው አሁንም ሞልቶብሻል?"

"አዎ" አለች ጽጌሬዳ። ይህን ስትል የቆመችው ከባዶው ክፍል ደጃፍ ላይ ነበር።

"እሺ በቃ። ሌላ ሰኞ" አለ።

ሰኞና ማክሰኞ ዝም ብለው አለፉ። ረቡዕ ግን ነገር ሁሉ ግራ የገባው ቀን ሆነ።

መጀመሪያ ጋሽ ሀሰኖ መጡ። አልተቀመጡም።

"ጽጌ፣ ሦስቱም ክፍል ባዶ ነው?"

"ለዛሬ ባዶ ነው። ከዓርብ ጀምሮ ነው የተያዘው።"

"ለዛሬ ሌሊት ስጪኝ፣ ሦስቱንም። እንግዶች አሉኝ።" ገንዘቡን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ጽጌሬዳ አየችው፤ እጥፍ ነው። የሰሞን ዋጋ።

"ጋሽ ሀሰኖ፣ ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው። ተራ ቀን ነው።"

"ሰሞን አይደለም እንዴ? በርሽ ላይ ያለው እሱ አይደል? ያዢው በቃ።"

አፏ ተከፍቶ ቀረ። በእድሜዋ ጋሽ ሀሰኖ ዋጋ ሳይቀንሱ ሲከፍሉ አይታ አታውቅም፤ ሽንኩርት ሲገዙ እንኳ ግማሽ ቀን ነው የሚከራከሩት። "ምን በዓል ነው?" ብትላቸው "የሰው ጉዳይ ነው" ብለው፣ ዓይናቸውን ከዓይኗ አሽሽተው ወጡ።

ብዙም ሳይቆይ የጋሽ ሀሰኖ ልጅ ነቢላ መጣች። ነቢላ መሐል ከተማ ስልክ ትጠግናለች።

"እትዬ ጽጌ፣ ስልክዎን ይስጡኝማ። ላስተካክልልዎት።"

"ምን ሆነ ስልኬ?"

"ምንም... ማለቴ፣ ቀርፋፋ ነው።"

"ቀርፋፋ መሆኑን አንቺ እንዴት አወቅሽ?"

ነቢላ ቀላች። "ሁሉም ቀርፋፋ ነው በክረምት" አለችና ስልኩን ከእጇ ተቀብላ፣ ይቅርታ እንኳ ሳትል፣ እየሮጠች ሄደች። ስልክ በክረምት ይንቀራፈፋል ሲባል ጽጌሬዳ ያን ቀን ገና ሰማች።

ሳሙና ልትገዛ ስትወጣ የባጃጁ ሾፌር ሒሳብ አልቀበልም አላት። "ይተዉት እትዬ፣ ዛሬ ይሁን" አለ። የቤተ ክርስቲያኗ መጋቢ ሚስት መንገድ ተሻግራ አንገቷን ደፍታ አለፈቻት፤ እንደገና ተመልሳ አጥብቃ አቀፈቻት፤ ምንም ሳትናገር ደግሞ ሄደች። ጽጌሬዳ መንገድ መሐል ሳሙናዋን ይዛ ቆመች። "ሰዎቹ ዛሬ ምን ነካቸው? ያበድኩት እኔ ነኝ ወይስ እነሱ?" አለች ጮክ ብላ።

ከዚያ በድንገት ገባት። የገባት መሰላት። ኤልዳና ባለፈው ስለ አንድ ልጅ ነግራት ነበር። የቤቱ ሦስት ክፍል ለእንግዶች፣ ክፍያው ያለ ክርክር፣ ሰው ሁሉ እያየ የሚሸሸው... ሽማግሌ ነው! ለልጇ ሽማግሌ ሊላክባት ነው! ጋሽ ሀሰኖ የልጁን ወገን ሊያሳርፉ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ ከእሷ ደብቋታል። ልቧ በደስታ ዘለለ። ቤቷ ገብታ ከሳጥን ውስጥ ያልተነኩ አንሶላዎች አወጣች። ሦስቱንም አልጋ አነጠፈች፤ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ የተነጠፈውን ገፍፋ በአዲስ ለወጠችው።

ወደ አመሻሹ እንግዶቹ መጡ። አንድ ዱላ የያዙ ሽማግሌ፣ ሁለት ጎልማሶችና ሁለት ሴቶች ናቸው።

"ከየት ነው የመጣችሁት?" አለች ጽጌሬዳ ፈገግ ብላ።

"ከአቦምሳ" አሉ ሽማግሌው።

ልጁ የአቦምሳ ልጅ ነው ማለት ነው። "እና ልጁ ምን ይሠራል?" አለች፤ አፏ አመለጣት።

ሽማግሌው ዞር ብለው ጎልማሶቹን አዩ። "የትኛው ልጅ?"

ጽጌሬዳ ምላሷን ነከሰች። ሽማግሌ ሳይቀመጥ ነገር አይነሣም፤ ይህን ማንም ያውቃል። እራት አቀረበች፤ በልተን ነው የመጣነው አሉ። አንደኛዋ ሴት ግድግዳው ላይ ያለውን የከበበውንና የጽጌሬዳን ፎቶ እያየች ዓይኗን ታብሳለች። "ጉንፋን ነው" አለች ስትጠየቅ። ጽጌሬዳ ትንሽ ጥርጣሬ ገባት፣ ትንሽ ደስታም ነበራት። ሁለቱ ተደባልቀውባት ሳሎን ፍራሿ ላይ ጋደም አለች።

በእኛ አገር የሞት ወሬ መጀመሪያ የሚደርሰው ሩቅ ላለው ሰው ነው። የሟቹ የቅርብ ሰው የሚሰማው በመጨረሻ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ወገን ዙሪያውን ከቦት ነው። ለብቻው ሰምቶ እንዳይወድቅ ይባላል። ስለዚህ ስልኩ ይወሰድበታል፣ መንገዱ ይጠበቅበታል፣ የሚያውቀው ሰው ሁሉ ለአንድ ቀን ውሸታም ይሆናል።

ሲነጋጋ በሩ ተንኳኳ። ጽጌሬዳ ነጠላዋን ደርባ ከፈተች። ጋሽ ሀሰኖ ቆመዋል፣ መጋቢው ቆመዋል፣ ከኋላቸው የእድሩ ሰዎች አሉ። ያደሩት እንግዶች ወጥተው ግቢው ውስጥ ተሰልፈዋል። ከመሐላቸው ኤልዳና ብቅ አለች።

"ውይ፣ አንቺ ደግሞ መቼ መጣሽ?" አለች ጽጌሬዳ። ፈገግ ልትል ነበር። ከዚያ ልጇ ጥቁር መልበሷን አየች።

ጽጌሬዳ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት ተመለከተች። ያቺ ጉንፋን ነው ያለችው ሴት አሁን በግልጽ ታለቅሳለች። ከአቦምሳ... የከበበው ሚስት የአይናለም አገር አቦምሳ ነው።

"ጋሼ ነው?" አለች።

ጋሽ ሀሰኖ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። "ትናንት ሊነጋጋ ሲል ነው ልጄ። ከእንቅልፉ ነው ያልተነሣው።"

የጮኸችውን ጩኸት ሰፈሩ ሁሉ ሰማው። ኤልዳናና ጎልማሶቹ ደግፈው አስቀመጧት። እያለቀሰች ሳለ አንድ ነገር ብቻ ደጋግማ ትጠይቅ ነበር፤ "ታዲያ ያን ሁሉ ገንዘብ ለምን ከፈሉኝ?" ጋሽ ሀሰኖ አጠገቧ ተቀመጡ።

"ብከራከርሽ ትጠይቂኛለሽ፤ ብትጠይቂኝ ፊቴ ይናገራል" አሉ። "የሚስቱ ዘመዶች ናቸው፤ ለቀብር መኪናው እስኪሄድ ማደሪያ አጡ፣ አንቺንም ሲነጋ ብቻሽን ልናረዳሽ አልፈለግንም። ወላሂ፣ ሌላ መንገድ አላገኘሁም።"

በዚያው ጠዋት ተሰብስበው ጢቾ ወረዱ፤ ቀብሩም ተፈጸመ። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ጽጌሬዳ ከአይናለም ጎን ተቀመጠች። ዘማሪዎቹ ዝማሬያቸውን ሲጨርሱ አይናለም፣ ማንንም ሳትወቅስ፣ ለራሷ የምታወራ ያህል መናገር ጀመረች።

"ልብሱን በሻንጣ አድርጎ ካዘጋጀ ሳምንት አልፎት ነበር። ጠዋት ጠዋት 'ሰሞኑ አልፎ ይሆን? እስቲ ደውይላት' ይለኛል። ስልኩን ሳነሣ ደግሞ 'ተዪው፣ ሥራ ላይ ናት፣ አታስቸግሪያት' ይለኛል።"

አንድ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ይህን ሰምተው ጽጌሬዳን ሊያጽናኑ ተነሡ። "ምን ይደረግ፤ አሰላ ሰሞኑን ሰው መተኛ አጥቶ ነው የከረመው። ክፍል ጠፍቶ እንጂ እኅቱማ ምን ቆርጧት! ጌታ ቀኑን ቆርጦለታል፤ አትጸጸቺ" አሏት። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ "እውነት ነው፣ እውነት ነው" አለ። አይናለምም ራሷን ነቀነቀች።

ጽጌሬዳ ዝም ብትል በዚያው ያልፍ ነበር። ማንም አይጠይቃትም፤ ማንም አያውቅም። ኤልዳና እጇን ይዛታለች። እሷ ግን እጇን ከልጇ እጅ አላቅቃ ተነሥታ ቆመች።

"ቤቱ ባዶ ነበር" አለች።

"ምን አልሽ?" አለች አይናለም።

"ሦስቱም ክፍል ባዶ ነበር። ዓርብም፣ ቅዳሜም፣ እሑድም። ሰው ሞልቶብኛል ስለው ባዶው ክፍል ደጃፍ ላይ ቆሜ ነበር። አንሶላ አንጥፌ፣ ቆልፌ፣ የማላውቃቸውን ሰዎች ስጠብቅ ነበር። እነሱን ቀብድ ላኩ ለማለት አፈርኩ። ያሳደገኝን ወንድሜን አትምጣ ለማለት ግን አላፈርኩም።"

አይናለም ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ፊቷን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞረች። ጽጌሬዳም ይገባኛል ብላ፣ ሳትለማመጥ፣ ሳትከራከር፣ ከሰው ሁሉ ኋላ፣ ከመግቢያው አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች።

ከበበው በጊዜው ቢታከም ይድን ነበር ወይ? እኔ አላውቅም፤ ሐኪሙም አላውቅም ብሏል። ጽጌሬዳም እስከ ዕለተ ሞቷ ሳታውቀው ነው የምትኖረው፤ ይህም ራሱ አንድ ቅጣት ነው። ወገኖቼ፣ ለሰሞን ዋጋ አታውጡ፣ ደንብ አትጻፉ እያልኩ አይደለም። አውጡ፣ ጻፉ፤ ቀብድም ተቀበሉ፣ ሰዓትም ወስኑ። ቃሉን ጠብቆ የሚመጣ እንግዳ በዚህ አይቀየምም። ይሉኝታችሁን ግን የት እንደምታኖሩት ተጠንቀቁ።

ዛሬ አሰላ ውስጥ ቤት ማከራየት የጀመሩ ሰዎች ስለ ዋጋና ስለ ደንብ ጽጌሬዳን ይጠይቋታል፤ ከሁሉም ቀድማ ጀምራለችና። እሷም በትዕግሥት ታስረዳቸዋለች። ከሒሳቡ በፊት ግን፣ "በመጀመሪያ በምንም ሰሞን የማታከራዩትን አንድ አልጋ ለዩ" ትላቸዋለች።

"ለማን ነው የሚሆነው?" ይሏታል።

"እሱን አላውቅም" ትላለች ጽጌሬዳ። "የሚደውለው ሰው ነው የሚነግራችሁ።"